ያንተ ያልነበሩት ሁለት መስመሮች

ደምስዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። በአርባህ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝና ተውኩት። በሙት ዓመትህም አስቤ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ ሰው ሞልቶ ቀልቤን መሰብሰብ አቃተኝ። ዛሬ ግን አልቅሼ አይደለም የምጽፍልህ። ተጣልቼህ ነው። የሞተ ሰው ሲጣሉት አይመልስም፤ ብቻዬን ሳወራ ሰው እንዳይሰማኝ ብዬ ወደ ወረቀቱ መጣሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የማእድ ቤቱ ጣሪያ ተቀይሯል። አንተ የተከልከውን ፓፓያ ነፋስ ሰበረው። ልጃችን ማርታ ሁለተኛዋን ወለደች፤ ሴት ናት፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው። ሀገያ፣ የጥቅምቱ ዝናብ፣ ዘንድሮ በጣም ዘገየ፤ ውሃ በጋሪ ነው የምናስመጣው፤ ከሊበን ገጠር የሚመጡ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሯል። መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቃችን እንዳለች ናት፤ ባጃጆቹ ግን ተራቸውን ደጃፌ ላይ አድርገውት ቀኑን ሙሉ ጡሩምባቸውን ሲነፉ ይውላሉ።

መጻሕፍቱም እንደ ድሮው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላኩልኛል። እኔም እንደ ድሮው ከመሸጤ በፊት አነባቸዋለሁ፤ የማወራለት ሰው ነው ያጣሁት። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ መጥቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዳለቀሰበት ነገሩኝ። ባሏ የከዳት፣ እህቷ ያታለለቻት፣ ጎረቤቷ ያሳሰራት ሴት በመጨረሻው ምዕራፍ በአንድ ከሰዓት ሁሉንም ይቅር ብላ ቁጭ ትላለች። መጽሐፉን ዘግቼ «እንዲህ በቀላሉ?» አልኩ። ቤት የማይመቱ ግጥሞች ያሉበት መድብልም መጥቶ ነበር። አንተ ብታየው «ይሄ ግጥም ነው የሐኪም ማዘዣ?» ትል ነበር። እኔ ግን ከውስጡ አንዷን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እናቱ ከሞተች በኋላ ስልክ ቁጥሯን ማጥፋት ስላቃተው ሰው ነው የምታወራው። ያንተም ቁጥር እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንድ ካርቶን መጣልኝ። ከላይ አምስት ቀጫጭን የግጥም መድብሎች ነበሩ። ሽፋናቸው ላይ «ሲቀር ልማድ ነው» ይላል፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ከጀርባው ያለውን ሳነብ ደራሲዋ ዳኪ የምትባል የሊበን ልጅ ሆና አገኘኋት፤ እዚሁ ነገሌ የተማረች፣ አሁን ቡሌ ሆራ በነርስነት የምትሠራ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። የእኛው አገር ልጅ፣ ከእኛው ትምህርት ቤት የወጣች! ሌላውን ዕቃ ሳላወጣ እዚያው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። አጫጭር ግጥሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ኦሮምኛ ይገባባቸዋል፤ እንደሚያውቁት ሰው ቤት ዘው ብሎ ይገባና ቦታውን ይይዛል። ሳልቀመጥ አሥራ አንድ ግጥም ጨረስኩ። ከዚያ ገጹን ገለጥኩና ይህን አየሁ፦

ዝናብ በእኛ አገር የሩቅ ዘመድ ነው፣
ሲመጣ ብርቅ ነው፣ ሲቀር ልማድ ነው።
እናቴ በር ከፍታ ደመና ታያለች፣
ደጅ ደርሶ እንዳይሄድ ትጠብቀዋለች።

ደሜ ፈላ። «ሌባ!» አልኩ፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እስክሪብቶ ሊገዛ የገባ ሰው ደንግጦ ወጣ።

ምን አስቤ እንደሆነ ታውቃለህ። እነዚያ የፊቶቹ ሁለት መስመሮች ያንተ ናቸው፤ ያንተ ብቻም አይደሉም፣ የእኔ ናቸው። ባሳተምካት አንዲት መጽሐፍህ ውስጥ «ለአስካለ» ተብሎ የታተመው ግጥም የሚጀምረው በእነሱ ነው። በማርታ ሠርግ ላይ ተነቧል። ነገሌ ውስጥ በቃሉ የሚለው ሰው ሞልቷል። የትናንት ልጅ ተነስታ የሞተ ሰው ግጥም በራሷ ስም ታትማለች? ሱቁን ዘጋሁ፤ የሷን መድብልና ያንተን መጽሐፍ በአንድ ፌስታል ይዤ ታስተምርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ጓደኛህ ጋሽ ጉዮ ጡረታ ከወጣ በኋላም ቤተ መጻሕፍቱን አልለቀቀም፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያግዛቸዋል። ሲያየኝ «አካም፣ አስካለ፤ ናጋ?» አለ። ሰላምታውን ሳልመልስ ሁለቱንም መጻሕፍት ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ይህቺን ልጅ እከሳታለሁ» አልኩት። «አንተ ደግሞ ትመሰክርልኛለህ።»

አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። እኔ የጠበቅኩት ከእኔ ብሶ እንዲጮህ ነበር፤ እሱ ግን መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። መጀመሪያ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«የመጨረሻውን ገጽ አንብበሻል?» አለኝ።

አላነበብኩም ነበር። ገልጦ ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፦ «የዝናቡን ግጥም የጻፍኩት አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የግጥም ደብተሬን የአማርኛ መምህሬ ሊያነቡት ወሰዱት፤ በኋላ ጠፋ አሉኝ። እዚህ ያሰፈርኩት በቃሌ የቀረውን ነው።» ስም የለውም። ስም አያስፈልገውም። ያኔ የአሥረኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምረው አንተ ብቻ ነበርክ።

«ትዋሻለች» አልኩ። ድምፄ ግን ቀድሞኝ ወርዷል።

ጋሽ ጉዮ ወደ በሩ አየ፤ ማንም አልነበረም። «ሁለት ጊዜ መጥታ ጠይቃዋለች» አለ። «እዚሁ፣ አንቺ በቆምሽበት ቦታ። ሁለቱንም ጊዜ ‹ጠፍቷል› አላት። ለእኔም ደብተሩን ፈልግልኝ ብላ ስትለምነኝ እነዚህን ሁለት መስመሮች በቃሏ ብላልኛለች። ቆይቶ የእሱ መጽሐፍ ሲታተም አየኋቸው። ዋቃ ምስክሬ ነው፣ ያን ቀን እንጀራ አልበላልኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ጓደኛዬ ነበር። አንቺም በግጥሙ ደስ ብሎሽ ነበር።»

ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። ቅዳሜ የንባብ ክበቡ የዳኪን መድብል አዳራሹ ውስጥ ሊያነብ ተዘጋጅቷል፤ ልጅቱም ከቡሌ ሆራ ትመጣለች። ወጣቶቹ መምህራን ደግሞ፣ መድብሉን ገና ሳያነቡት፣ የአገሩን ባለ ግጥም እናክብር ብለው መክፈቻ ያደረጉት ያንተን ግጥም ነው። ያንኑ፣ «ለአስካለ»ን። ያንተ መጽሐፍ ከዚህ ከተማ ብዙም አልወጣም፤ ልጅቱ አይታው አታውቅም። ጋሽ ጉዮ ግጥሙን አንሱት እንዳይል ምክንያቱን መናገር አልቻለም፤ እንዳይተወው እንቅልፍ አጣ። እንግዲህ ዳኪ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የገዛ መስመሮቿን በመምህሯ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰማ ነው። ሦስት ቀን ነበረኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ጠፋብኝ ብልህ ታምነኛለህ? ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ።

ያን ወረቀት ታስታውሳለህ። ዝውውር ጠይቀህ የተከለከልክበት ዓመት ነበር። አገሩ ጠላኝ ብለህ ከእኔም ጋር መነጋገር ተውክ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ከ«እሺ»ና ከ«የለም» ሌላ ቃል ከአፍህ አልወጣም። እኔም ሰለቸኝ። ማርታን ይዤ ዲላ እናቴ ዘንድ ልሄድ ትኬት ቆርጬ፣ ሻንጣዬን አስሬ በር ላይ አቆምኩት። ጠዋት ስነሳ አንተ ወደ ትምህርት ቤት ሄደሃል፤ ሻንጣው ላይ ወረቀት አለ። አራት መስመር ነበር፦

ዝናብ በእኛ አገር የሩቅ ዘመድ ነው፣
ሲመጣ ብርቅ ነው፣ ሲቀር ልማድ ነው።
አንቺ ግን ለልቤ የማለዳ ጠል፣
ከጎኔ የማትርቂ የፍቅሬ ጸዳል።

ሻንጣውን ፈታሁ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ሰባት ሳምንት ዝም ቢል ምናለ፣ ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ ያኔም ቢሆን ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ እንዳጠረህ ታውቆኝ ነበር። «ጠል»፣ «ጸዳል» የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይም አለ። የፊቶቹ ሁለቱ ናቸው እግሬን ያሰሩት። በሌላ ሰው መስመር ነው ሚስትህ ሆኜ የቀረሁት፣ ደምስዬ።

ሐሙስ ከሰዓት ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለውን የእንጨት ሳጥንህን አወረድኩ። ከሞትክ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። የፈተና ወረቀት፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የዝውውር ማመልከቻዎችህ ቅጂ። ምንም እንዳላገኝ እየጸለይኩ ነበር የማገላብጠው። ከሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሰማያዊ ደብተር ወጣ። ዳኪ፣ 10ኛ ሐ።

አልጠፋም ነበር።

ዳር ዳሩ ላይ ያንተ ቀይ እስክሪብቶ አለ። ሆሄ አርመሃል፤ «ሰ»ንና «ሠ»ን ለይተህላታል። ከዝናቡ ግጥም አጠገብ «ግሩም!» ብለህ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ይህ ደስ ሊለኝ ሲል የደብተሩን መጨረሻ ገለጥኩ። ባዶ በነበሩት ገጾች ላይ በእርሳስ ያንተ ጽሕፈት አለ። «አንቺ ግን ለልቤ» ብለህ ትጀምራለህ፣ ትሰርዛለህ። «አንቺ ግን ለቤቴ»፤ ትሰርዛለህ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክረሃል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የጻፈችውን የሚያህል ሁለት መስመር ለማግኘት አሥራ አንድ ጊዜ ታግለህ አልመጣልህም።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጄብህ ነው ወይስ አሳዝነኸኝ እስካሁን አልለየሁትም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፦ «አትሂጂ» ብለህ ብትጽፍልኝ ኖሮ እቀር ነበር። አንዲት ቃል፣ በራስህ አማርኛ። የልጅ ደብተር መስረቅ አያስፈልግህም ነበር።

ዓርብ ማርታን ጠርቼ አሳየኋት። ታውቃለህ፣ አሁን እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ በየክፍሉ «የመምህር ደምሴ ልጅ» ነው የሚሏት። የቤተ መጻሕፍቱን አንድ ጥግ በስምህ ሊሰይሙት እንዳሰቡም የነገረችኝ እሷ ናት። ደብተሩን እስከ መጨረሻው አገላበጠችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«ለባለቤቷ እመልሳለሁ።»

«እሺ፣ በፖስታ ላኪላት። በድብቅ ስጫት።»

«ነገ ግጥሙ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲነበብ ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«አባዬ ሞቷል፣ እማዬ! አፈር ለብሷል! ስሙን ደግሞ አንቺ ልትቀብሪው ነው?» እየጮኸች ነበር፤ ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች። «እኔ ሰኞ እዚያ ግቢ እገባለሁ። ተማሪዎቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ሕፃኗን ላባብል ጎንበስ አልኩ። ይህን ጊዜ ብድግ ብላ ደብተሩን ይዛ ወደ ማእድ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። ክብሪቱን ስታነሳ ደረስኩና የደብተሩን አንድ ጎን ያዝኩ። እሷም አለቀቀች። እናትና ልጅ፣ በአንድ ደብተር፣ በመካከላችን ተወጥሮ። ሽፋኑ ጠርር ብሎ ተቀደደ። በዚያ ድምፅ ሁለታችንም ደነገጥን፤ ማርታ እጇን ለቀቀች፣ ልጇን ታቅፋ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ደብተሩን ነጠላዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። አስቀድሜ ልጅቱን ለብቻዋ አግኝቼ ልነግራት ነበር ሐሳቤ፤ መኪናቸው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ዘገየች። ፕሮግራሙ ሊጀመር ሲል ገባች። ረጅም ናት፤ አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሰው አጨበጨበላት። ጋሽ ጉዮ ከፊት ወንበር አስቀመጣትና ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ ምን ይበጃል የሚል ነበር። ማርታ መጥታለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ ሳታየኝ ክንዴን ይዛኛለች። እንዴት አድርጋ እንደያዘችኝ ብታይ! ለሳምንት ሰንበር ሆኖብኝ ነበር።

ወጣቱ የአማርኛ መምህር ወደ መድረክ ወጣ። የከተማችን ኩራት የነበሩት መምህራችን ብሎ ጀመረ። ባለቤታቸውም በመካከላችን አሉ ሲል ሰው ዞሮ አየኝ፤ አንዳንዱ እጅ ነሳኝ። ያንተን መጽሐፍ ከፈተ። «ለአስካለ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝናብ በእኛ አገር...»

የዳኪ አንገት ቀና ሲል ከኋላ አየሁት። እንደዚያ ያለ አንገት አይቼ አላውቅም፤ በስሟ የጠሯት ሰው ይመስል ነበር።

ተነሳሁ። የማርታ እጅ ሳበኝ፤ ተነሳሁ። «ልጄ፣ ቁም» አልኩ።

መምህሩ ቆመ።  ውጪ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማ ነበር። አስቤ የመጣሁት ብዙ ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ይህ ግጥም ለእኔ የተጻፈ ነው» አልኩ። «አራት መስመር ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ የባሌ ናቸው። የፊቶቹ ሁለቱ ግን የእሱ አይደሉም። የዚህች ልጅ ናቸው። ደብተሯ ይኸው። አልጠፋም ነበር፤ ቤታችን ነበር።»

አንዲት የሰንበቴ ጓደኛዬ «ኧረ ስለ ሟች ነፍስ!» ስትል ሰማሁ። ማርታ ተነስታ ወጣች፤ የጫማዋ ድምፅ እስከ በሩ ድረስ ተሰማኝ። በወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት ሄድኩና ደብተሩን ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። የተቀደደውን ሽፋን በመዳፏ ዳበሰችው። እየገለጠች ሄደች። የዝናቡ ግጥም ላይ ስትደርስ ቆመች። ያንተን ቀይ ጽሕፈት በጣቷ ተከተለችው።

«አንብበውታል» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ሳያነቡት የጣሉት ነበር የሚመስለኝ። እስከ ዛሬ።»

ይቅር ብያለሁ አላለችም። አላመሰገነችኝም። ወደ መድረክ ወጥታ መድብሏን አስቀመጠችና ከደብተሩ ሦስት ግጥሞች አነበበች፤ ረስታቸው የነበሩትን። አንዱ ወንድሟ የጠፋች ጊደር ፍለጋ ሄዶ አባቷ ሲጠብቀው ነው፤ ጊደሯ ትመጣለች፣ ወንድሟ ይዘገያል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የት አግኝታው ነው ብዬ ጠጉሬ ቆመ። ድምፅዋ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆማ ጠብቃ ቀጠለች። የዝናቡን ግጥም ግን አላነበበችውም።

ሰዉ ሲበተን በሩ ጋ ጠበቀችኝ።

«ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አልጻፍኩም» አለችኝ። «ደብተር ገዝቼ ባዶውን ለሰው እሰጠው ነበር። ይህን እንዲያውቁት ፈልጌ ነው።»

«ልክ ነሽ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሻሿን አስተካከለችና ቀጠለች። «መጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ አማርኛዬን ሰምተው ሳቁብኝ። የከተማ ልጆች ናቸው። መምህር ጠመኔያቸውን አስቀመጡና ‹ይህቺ ልጅ በሁለት ቋንቋ ታስባለች፤ እናንተ በአንዱም አላሰባችሁም› አሏቸው። ማንም ዳግመኛ አልሳቀም። ግጥም የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያንንም አልረሳሁም፣ ይህንንም አልረሳም።»

ልትሄድ ብላ ተመለሰች። «ግጥሙን መቼ ነው የሰጡዎት?»

ነገርኳት። ሻንጣውን፣ ትኬቱን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አቧራ ላይ ቆሜ ለማላውቃት ልጅ ነገርኳት።

«እና ቀሩ?»

«ቀረሁ።»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ጥርሷ እንኳ አልታየም፣ ዓይኗ ብቻ። «እንግዲያው እኔ ነኝ ያስቀረሁዎት» አለች። «ናጋቲ፣ እትዬ አስካለ» ብላ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። ሁለት የሥራ ባልደረቦችህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። ሱቅ የሚመጣው ሰው ያንኑ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ደብተር ሳይገዛ ይወጣል። በስምህ ሊሰየም የነበረው ጥግ አልተሰየመም፤ ማንም አልሰረዘውም፣ ማንም ደግሞ አያነሳውም። ጋሽ ጉዮ አንድ ከሰዓት መጥቶ ደጃፌ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ የእኔም እጅ አለበት እያለ። ማርታ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም፤ ልጆቹንም አላየሁም።

እኔ ደግሞ ሌላ በሽታ ያዘኝ። መጽሐፍህን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ፤ እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ መርማሪ። በየመስመሩ «ይሄስ የማን ነው?» እላለሁ። ጥሩ መስመር ባገኘሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ሳጥን ሙሉ የፈተና ወረቀትህን አንድ በአንድ ፈትሻለሁ። ሌላ ነገር አላገኘሁም፤ ግን አላገኘሁም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። ይህን ነው ያደረግክብኝ፣ ደምስዬ። ሌላው ሁሉ ያልፋል፤ ባሌን ሳልጠራጠር ማንበብ መቻሌን ወሰድክብኝ።

አንዲት ግጥም ግን አለች፣ መጨረሻው አካባቢ። ስለ አባትህ ናት፤ ሬዲዮ እያዳመጡ እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ አንተ ድምፁን ልትቀንስ ስትሄድ «እየሰማሁ ነው» ሲሉህ። ቤት አመታቷ እንኳ ይወላገዳል። ድሮ አልፌያት እሄድ ነበር። እሷ ያንተ ናት፤ አባትህን እኔም አውቃቸዋለሁ፣ ያን ነገር ሲሉ ሰምቻለሁ። ከመጽሐፍህ ሁሉ ደጋግሜ የማነባት አሁን እሷን ነው።

ባለፈው እሑድ ማርታ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ያልተሸጡት መጻሕፍትህ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለው ነበር፤ እኔ በያንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ወረቀት እየለጠፍኩ፣ መስመሮቹ የማን እንደሆኑ በእጄ እየጻፍኩ ነበር። ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ «ጽሕፈትሽ አይነበብም» ብላ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ተቀመጠች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የዚህ ግጥም የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች የዳኪ ናቸው፤ የመምህሩ ተማሪ ነበረች።» እኔ «ይቅርታ» የሚል ቃል ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ ማርታ «እሱን ማለት የነበረበት አባዬ ነው፣ እኛ አንችልም» አለችኝ። ልክ ናት። እስኪመሽ ሁሉንም ጨረስናቸው።

ሦስተኛው ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። እንደ ወጉ አስታውስሃለሁ፤ ስምህ በቤተ ክርስቲያን ይጠራል፣ ወዳጆችህ ይበላሉ፣ የሚመጣው ይመጣል። እንደማልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ፤ ለእኔ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን ቃል ደግሞ ስማኝ። የልጅ ልጆችህ አድገው አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር ሲሉኝ፣ የሳቁባትን ልጅ ቆሞ ያስከበራት ሰው ነበር እላቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ መጥታ ደብተሯን ስትጠይቀው «ጠፍቷል» ያላትም ያው ሰው ነበር እላቸዋለሁ። አንዱን ነግሬ ሌላውን አላስቀርም።

ሚስትህ
አስካለ